ቁጥር የሌለው ጠብ

በ2091 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ በዩኒቨርሲቲው የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች መኝታ ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻ በአንድ ሳምንት አሥራ አንድ ጠብ ተነሣ። ዘጠኙ ታረቁ፤ ሁለቱ በይደር ተያዙ። ለወቅቱ የተለመደ ነው። የሥራ ብቁነት ጽሕፈት ቤቱ የዓመቱን የግጭት ምደባ ከምረቃ በፊት ለመጨረስ የሚጣደፈው በመጋቢትና በሚያዝያ ስለሆነ፣ በእነዚህ ወራት ጠብ ይበዛል።

በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ከአንዱ በር ኋላ ጩኸት ሲሰማ ቆም ይልና «የማን ነው?» ይላል። የባለተራዋን ስም ይነግሩታል። በሩን በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ይቅናሽ!» ብሎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ደረጃ ላይ ተቀምጣ የምታለቅስ ልጅ ብትገኝም አጠገቧ የሚቀመጥ የለም። ፈተና ላይ ያለ ሰው አይረበሽም።

ትንግርት ሀብተወልድ የቀራት አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበር። ተማሪ ሁሉ ከገባበት ቀን ጀምሮ የሠራውን፣ የመራውን፣ የረዳውንና የተሸነፈውን የሚያስመዘግብበት የልምድ ማኅደር አለው፤ ማኅደሩ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ነው። ትምህርቱስ አይከብድም፤ ከቁርስ በፊት ያልቃል። ከቁርስ በኋላ ያለው ቀን በሙሉ የልምድ ነው። ትንግርት የችግኝ ቡድን መርታለች። የአረጋውያንን ጥፍር ቆርጣለች። የክርክር ክበብ ምክትል ሊቀመንበር ሆና ሁለት ጊዜ ተመርጣ አንድ ጊዜ በምደባ ተሽራለች። ሦስተኛ ዓመት ላይ «ውድቀት» የሚለው ምዕራፍ ሲደርሳት ደግሞ «ከትምህርት ገበታሽ ተሰናብተሻል» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷት አሥራ ሁለት ቀን እንደ ተባረረ ሰው ኖራለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን «ምደባ ነበር፤ እንኳን ደስ ያለሽ» ተባለች። በእነዚያ ቀናት ምን ተሰማሽ ለሚለው ጥያቄ «ጽናት» ብላ ጻፈች። እውነቱን ለመናገር ከሰባተኛው ቀን በኋላ ምንም አልተሰማትም ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም።

የቀራት «ግጭትና ዕርቅ» ነው። ደንቡ አጭር ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከተማሪው የቅርብ ሰዎች አንዱን መርጦ በምስጢር ያዘዋል፤ የታዘዘው ሰው ምክንያት ፈልጎ ይጣላል። ተማሪው ጠቡን በስድስቱ ደረጃዎች ይይዛል፣ ሽማግሌ ያስጠራል፣ ይታረቃል፣ ይመዘገብለታል። ነገሩ ምደባ መሆኑን ከሁለት አንዳቸው ቢያነሱ ምዕራፉ ይሰረዛል። ምዕራፉ የጎደለ ማኅደር ደግሞ ለቀጣሪ አይከፈትም፤ ማኅደሩ ያልተከፈተለት ምሩቅ ዲግሪውን ይዞ እናቱ ቤት ይቀመጣል። የትንግርት ታላቅ ወንድም እንደዚያ ከተቀመጠ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ስለዚህ ከመስከረም ጀምሮ ጠብ ስትጠብቅ ከረመች። እናቷ ደውላ ድምጿ ሻከር ካለ ትንግርት ወንበሯን ስባ ተስተካክላ ትቀመጣለች። «መጣ» ትላለች በልቧ። አይመጣም። እናቷን ጉንፋን ይዟት ነው።

አንድ ክፍል አብራት የምትኖረው ልጅ ኑሪያ እንድሪስ ትባላለች፤ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ቁምሳጥን ተጠቅመዋል፣ ሳሙናም ሻምፑም ተዋውሰዋል። ሁለተኛ ዓመት ላይ የኑሪያ እናት፣ እትዬ ዘሃራ፣ በጠና ታመው ለሕክምና ወደ ዩኒቨርሲቲው ከተማ መጡ። ኑሪያ በዚያው ሰሞን የመስክ ምዕራፏ ላይ ስለነበረች ቀን ቀን ከአልጋው አጠገብ መሆን አልቻለችም። ትንግርት ሄደች። አሥራ አንድ ቀን እየተመላለሰች ውሃ በጉሮሯቸው አወረደች፣ ጀርባቸውን ደገፈች፣ ሲያቃዡ «አለሁ» አለች። እትዬ ዘሃራ አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ ኑሪያ ትንግርትን «እህቴ» ትላታለች እንጂ በስሟ አትጠራትም።

ማኅደር ለቀጣሪ ከመከፈቱ በፊት የክፍል ጓደኛ አንብቦ «የማውቀውን ያህል እውነት ነው» ብሎ ማጽደቅ አለበት። መጋቢት አሥራ አራት ቀን ከሰዓት በኋላ ኑሪያ የራሷን ሥራ ትታ የእህቷን ማኅደር ልታጸድቅ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳ ስትገባ ትንግርት አልጋዋ ላይ የታጠበ ልብስ ታጥፍ ነበር።

«ምዕራፍ አራት» አለች ኑሪያ፣ በሩን ሳትዘጋ። «ማስታመም። ሰማንያ ስምንት ሰዓት። አስረጂ፦ ታማሚዋ።»

ትንግርት ቀና አለች።

«ታማሚዋ ማን ናት፣ ትንግርት?»

በስሟ ጠራቻት። ትንግርት ያኔ ነገሩ ገባት፤ ማለትም የገባት መሰላት። መጣልኝ፣ አለች በልቧ። የተሰማት እፎይታ ነው፤ ስድስት ወር የጠበቁት አውቶቡስ ከማዶ ብቅ ሲል እንደሚሰማው ያለ እፎይታ። ከእፎይታው ሥር ትንሽ አድናቆትም ነበረበት። ጽሕፈት ቤቱ ምን የመሰለ ምክንያት ፈልጎ አገኘ!

ያጠፈችውን ልብስ ወደ ጎን አድርጋ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። አንደኛ ደረጃ፦ ተቀመጥ፣ እጅህን አሳይ።

«እናቴን ነው?» አለች ኑሪያ። «እናቴ ላይ ነው ሰዓት ያስቆጠርሽው?»

ሁለተኛ ደረጃ፦ የሰማኸውን መልሰህ ተናገር።

«እናትሽ ላይ ሰዓት እንዳስቆጠርኩ ነው የምትነግሪኝ» አለች ትንግርት በለሰለሰ ድምፅ።

«አዎ፣ እየነገርኩሽ ነው እኮ!»

«መናደድሽን እየሰማሁ ነው።»

ኑሪያ አፏን ከፍታ አየቻት። «ምን ሆነሻል አንቺ? እንደ ሰው አናግሪኝ እንጂ!» ከዚያ ድምፁ ከላይ ወደ ታች ወረደባት። «እናቴ ምን ብላኝ እንደ ሞተች ታውቂያለሽ? "እኔ ባልኖር ይቺ ልጅ አለችሽ" ብላኝ ነው የሞተችው። እኔ ያንን ይዤ ነው ሁለት ዓመት የኖርኩት። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ለእኛ ብለሽ ነው የመጣሽው ወይስ ለሰዓቱ? ለሰዓቱ ነው ብትዪኝም ይሻለኛል።»

መልስ ነበረው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ትንግርት የሄደችው እንዲሁ ነው፤ ማንም አላዘዛት፣ ማንም አልመዘገባት። በአራተኛው ቀን በር ላይ የምትቀመጠው የሆስፒታሉ መዝጋቢ «ተመዝግበሻል? ኧረ እንዳይባክንብሽ!» አለቻት። ምን ይጎዳል ብላ ተመዘገበች። አስረጂ ያስፈልጋል ሲባል እትዬ ዘሃራን እየተሽኮረመመች ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ሳቁባት። «ይጠቅምሻል አይደል ልጄ? አብሽሪ፣ እኔ እመሰክርልሻለሁ። ደግሞ ለኑሪያ እንዳትነግሪያት፣ እሷ ሆደ ባሻ ናት። ሲሻለኝ ራሴ እነግራታለሁ» አሏት። አልተሻላቸውም።

ይህን ሁሉ ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሦስተኛው ደረጃ ግን ራስን መከላከል ይከለክላል፤ የተከላከለ ግማሽ ነጥብ ያጣል። የወንድሟ መልክ፣ ከቀትር በኋላ ፒጃማውን ሳይቀይር ሳሎን ተቀምጦ፣ በዓይኗ ላይ መጣ።

«ጥያቄሽ ተገቢ ነው» አለች ትንግርት።

ኑሪያ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የኑሪያ እንባ በአገጯ እየወረደ ሸሚዟን አረጠበው። ትንግርት እጇን ከጉልበቷ ሳታነሳ ተመለከተቻት። እንዲህ ማስመሰል መቻሏን አላውቅም ነበር፣ ለእሷም ጥሩ ነጥብ ይሰጧታል፣ ብላ አሰበች።

በዚህ መሃል ከጎረቤት ክፍል ልጆች አንዷ በተከፈተው በር አንገቷን አስግጋ «የትንግርት ነው? ውይ፣ በመጨረሻ! ይቅናሽ!» ብላ አለፈች።

ኑሪያ ወደ በሩ ዞረች። ከዚያ ወደ ትንግርት። እንባዋ ባለበት ቆመ።

«ምደባ መስሎሽ ነው?»

«ምንም አልመሰለኝም» አለች ትንግርት ፈጥና። ይህችኛዋ ጥያቄ ወጥመድ መሆኗን ስልጠናው ላይ ሦስት ጊዜ ተነግሯቸዋል።

«ምደባ አይደለም፣ ትንግርት። በእናቴ ሞት፣ አይደለም።»

ትንግርት አላመነችም። እንዴት ታምናለች? ባለፈው ወር የሁለተኛ ፎቁ ልጅ «ያባቴ አጥንት ይውጋኝ» ብሎ ምሎ ከፍቅረኛው ከተጣላ በኋላ ጠቡ ሰባት አሐዝ ቁጥር ያለው ምደባ ሆኖ ተገኝቷል። ደግሞ ቢማልበትም ባይማልበትም፣ ኑሪያ ምደባ የሚለውን ቃል ካነሳች ምዕራፉ ሊሰረዝ ነው። ትንግርት አዘነችላትም፤ ልጅቷ በስሜት ተወስዳ ተሳሳተች ብላ። ስሕተቱን ልትሸፍንላት ቶሎ ወደ አራተኛው ደረጃ አለፈች።

«ሽማግሌ ይገላግለን» አለች።

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ከምሳ በኋላ መጡ። ሽምግልናም ራሱ አንድ ምዕራፍ ስለሆነ እጥረት የለም፤ እንዲያውም ወረፋ አለ። ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ይበልጣል የሚባል የሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ተማሪ ነው፤ ሃያ ዓመቱ። ከዕቃ ግምጃ ቤት የወጣ፣ ጫፉ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ጋቢ በቲሸርቱ ላይ ደርቧል። ሌሎቹ ሁለቱ አንደኛው ወንድ አንደኛዋ ሴት ናቸው፤ ሴቷ ሳቋ እየመጣባት ጋቢዋን ወደ አፏ ትስባለች።

«ልጆቼ» አለ ይበልጣል፣ በአንድ ዓመት የሚበልጡትን ሁለቱን እያየ፣ «ዕርቅ ደም ያደርቃል። በመካከላችሁ ሰይጣን ገብቶ ነው። እናንተ የአንድ ማዕድ ልጆች ናችሁ።» ከዚያ ቅጹን ተመለከተና ድምፁ ወደ ልጅነቱ ተመለሰ። «የምደባ ቁጥር አላመጣልኝም።»

«ሲስተሙ ይሆናል» አለች ሴቷ ሽማግሌ። «ትናንትም አስቸግሮን ነበር።»

«ባዶ እንለፈው እንግዲህ።» ይበልጣል ጋቢውን አስተካክሎ እንደገና ሸመገለ። «ልጄ ኑሪያ፣ የተበደልሽው አንቺ ነሽ ተብሏል። በደልሽን ተናገሪ።»

ኑሪያ ትናንት የለበሰችውን ሸሚዝ እንደ ለበሰች አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሦስቱን ጋቢዎች ተራ በተራ አየች። ትንግርትን አየቻት። ትንግርት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ራሷን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች፤ አምስተኛው ደረጃ እንደዚያ ነው የሚለው።

«ይሄ ካልተዘጋ ማኅደሯ አይከፈትም፣ አይደል?» አለች ኑሪያ ለሽማግሌው።

«አዎ፣ አይከፈትም።»

«በደል የለኝም። ይቅር ብያለሁ።» ተነሳች። «ሌላ የምለው አለ?»

ይበልጣል ቅጹን አየት አደረገ። «"ከልቤ" የሚል አለ።»

«ከልቤ።»

ተሳሳሙ፤ ስድስተኛው ደረጃ ነው። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ፣ መርቀው ወጡ፤ ሌላ ሁለት ጠብ እየጠበቃቸው ነበር። ኑሪያ የዚያኑ ዕለት ልብሷን በሁለት ፌስታልና በአንድ ሻንጣ ሰብስባ አምስተኛ ፎቅ ላይ ወደ ተለቀቀ ክፍል ወጣች። በጋራ ቁምሳጥኑ ውስጥ ሻምፑውን ለትንግርት ትታላት ሄደች።

ትንግርት ምንም አልጠረጠረችም። አንዳንድ ታዛዦች እውነት እንዲመስል ጠቡን ከዕርቁ በኋላም ጥቂት ቀን እንደሚያስረዝሙት ታውቃለች። ባዶውን አልጋ እያየች «ምደባ ነበር፤ እንኳን ደስ ያለሽ» የሚለውን መልእክት ጠበቀች። ሦስት ቀን ጠበቀች። አንድ ሳምንት ጠበቀች። በካፍቴሪያው ሰልፍ ላይ ኑሪያን ከሩቅ ስታያት ዓይኗን እንደ መጥቀስ አለች፤ ኑሪያ ትሪዋን ይዛ ዞረች። በአሥረኛው ቀን ትንግርት ወደ ሥራ ብቁነት ጽሕፈት ቤት ሄደች።

የግጭት ምደባ ክፍሉን የሚመሩት ወይዘሮ ምንትዋብ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ተማሪ ሁሉ ይወዳቸዋል፤ ክፉ አይናገሩም። የትንግርትን ስም አስገብተው አንብበው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወረዱ።

«የአንቺ ምደባ ገና ነው እኮ፣ ልጄ። ለግንቦት ሁለት ነው የተያዘው። ከአጎትሽ ጋር።»

«ከአጎቴ ጋር?» አለች ትንግርት። «ታዲያ... የኑሪያስ?»

«የየትኛዋ ኑሪያ?»

«የክፍሌ ልጅ። መጋቢት አሥራ አራት የተጣላችኝ። ሽማግሌ ገብቶበት ታርቀናል እኮ፣ ወይዘሮ ምንትዋብ። ቅጹ ገብቷል።»

ወይዘሮ ምንትዋብ ፈልገው አገኙት። ሲያነቡት ፊታቸው ፈካ።

«ይሄማ የራሳችሁ ነው! እኛ አላዘዝንም። ያልታዘዘ ጠብ፣ በስድስቱ ደረጃዎች የተያዘ፣ ራስን መከላከል የሌለበት፣ በሁለተኛው ቀን የታረቀ። ሰባት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሁለተኛዬ ነው። አየሽ፣ ስልጠናው ደምሽ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።» ጣታቸው ፈጠን ፈጠን አለ። «ምዕራፉን በክብር እዘጋልሻለሁ። የአጎትሽንም እሰርዛለሁ። ደስ ይላቸዋል፣ እንዴት ብዬ ከልጄ ጋር እጣላለሁ ብለው ሁለት ጊዜ ደውለውልን ነበር።»

«አመሰግናለሁ» አለች ትንግርት።

«የክፍል ጓደኛሽም አጽድቃዋለች፤ ማኅደርሽ ሰኞ ይከፈታል። እንኳን ደስ ያለሽ።»

ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች። ሐዘን ከየት እንደሚጀምር ግን ጠፋባት። ኑሪያ «ለሰዓቱ ነው ብትዪኝም ይሻለኛል» ስትል አስታወሰች፤ ቃሉ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣም። «በእናቴ ሞት» ስትል አስታወሰች። ያኔ እውነተኛ እንባ እንደ ነበረ፣ ፊቷ ከክንድ በማይርቅ ቦታ ላይ እንደ ነበረ፣ እጇን ብትዘረጋ እንደምትደርስበት አስታወሰች። ለእጇ የነገሩት ጉልበቷ ላይ እንዲቀመጥ ነበር። እሱም ተቀመጠ። አሁን እጇን አገላብጣ አየችው፤ የሌላ ሰው ይመስላል። አጠገቧ ሰዎች ወጡ ወረዱ፤ አንዱ በዝግታ «ይቅናሽ» ብሏት አለፈ።

ተነስታ አምስተኛ ፎቅ ወጣች። በመንገዷ ላይ ደረጃዎቹን በሙሉ ከራሷ ለማውጣት ታገለች፤ እጅን ማሳየት የለም፣ መልሶ መናገር የለም፣ ራስን ዘንበል ማድረግ የለም። በሩን አንኳኳች። ኑሪያ ግማሽ ከፍታ በፍሬሙ ላይ ተደግፋ ቆመች። ሻሽ አስራለች፤ ከኋላዋ ሻንጣዋ ገና አልተፈታም።

«ምደባ መስሎኝ ነው» አለች ትንግርት። «ቢሮ ሄጄ ነበር፣ አሁን ነው ያወቅሁት። እንዳልሽው አልነበረም፤ ማለት፣ እንዳልሽውም ነበር። ሦስት ቀን እንዲሁ ነው የመጣሁት፣ ኑሪያ። በአራተኛው ቀን ልጅቷ እንዳይባክን አለችኝና ተመዘገብኩ። እናትሽ ያውቁ ነበር። እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው፣ እሳቸው ሳቁብኝ። አብሽሪ አሉኝ። ይጠቅምሻል አይደል ልጄ አሉኝ። ለኑሪያ እንዳትነግሪያት፣ ሆደ ባሻ ናት፣ ሲሻለኝ ራሴ እነግራታለሁ አሉኝ። አልተሻላቸውም። ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገርሽ?»

ኑሪያ ከፍሬሙ ላይ ቀና አለች።

«እማዬ እንዲህ አለች?»

«አሉኝ።»

«ሆደ ባሻ ናት አለች?»

«ሆደ ባሻ ናት፣ ሲሻለኝ ራሴ እነግራታለሁ።»

ለአንድ አፍታ የኑሪያ ፊት ሁለተኛ ዓመት ላይ የነበረውን ፊት መሰለ፤ ትንግርት በግልጽ አየችው። ከዚያ ኑሪያ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች።

«ልክ እሷ እንደምትለው ነው ያስመሰልሽው» አለች። ክፋት አልነበረበትም። «ጎበዝ ነሽ። ሁሌም ጎበዝ ነሽ። ይሄ የትኛው ምዕራፍ ነው?»

«የትኛውም አይደለም።»

«እሺ።»

«ኑሪያ፣ የትኛውም አይደለም! ማኅደሬ ሞልቷል፣ አልቋል፣ ከአሁን በኋላ ምንም አያስፈልገኝም። አንቺን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ትንግርት ማልቀስ ፈለገች። ከልቧ ነው የፈለገችው፤ እንባው ግን አልታዘዝ አላት። ቢመጣም ለዚህች ልጅ ምንም እንደማያስረዳ ገብቷታል፤ ራሷ ትንግርት፣ ኑሪያ እንባዋ ሸሚዟን ሲያረጥበው፣ ነጥብ ነበር የሰጠቻት። ልትነካት እጇን ዘረጋች። ኑሪያ እጁን አየችው፤ አልሸሸችም፣ አልተጠጋችም፣ ተራውን እንደሚጠብቅ ሰው ቆመች። እጁ መሃል ላይ ቀረ።

ከዚያ ኑሪያ አንገቷን ቀና አድርጋ የኮሪደሩን ጣሪያ ቃኘች። የትንግርትን የሹራብ ቁልፎች አንድ በአንድ ተመለከተች። የተደበቀው የድምፅ መቅጃ የት እንዳለ አላገኘችውም። ሻሿን አስተካከለች፣ ትከሻዋን ቀጥ አደረገች፣ ጮክ ብላ፣ ቃል በቃል በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«እኔ ኑሪያ እንድሪስ፣ ትንግርት ሀብተወልድን ከልቤ ይቅር ብያታለሁ።»

ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አራት ዓመት ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያወሩ በነበረው ድምፅ፣

«ይበቃል?» አለቻት።

«ይበቃል» አለች ትንግርት።